የመጀመሪያዋ ሰፌድ

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ፣ ከሰሊጥ ገበያው ጀርባ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ አንድ ረጅም መጋዘን ነበር። ውስጡ ሃያ ሁለት ሴቶች በሁለት ረድፍ ተቀምጠው ሰሊጥ ያበጥራሉ። ሃያ ሁለቱም የእኛው አገር ሰዎች ናቸው፤ አብዛኞቹ ከመተማ፣ ከጭልጋና ከአርማጭሆ፣ ጥቂቶቹ ደግሞ ከሁመራ በኩል የመጡ። ሣህሊቱ ከበሩ አራተኛዋ ነበረች። ቀጭን፣ ረጅም፣ ወሬ የማታበዛ፣ ስታበጥር ዓይኗን የምትጨፍን ሴት። እውነቴን ነው፣ ትጨፍን ነበር! ሰሊጡ ሰፌዱ ላይ ሲንቀረቀብ ጠጠሩ የት እንደተደበቀ በጆሮዋ ታውቀዋለች። በዚያ ጆሮዋ የኋላ ኋላ የሰማችውን ባትሰማው በወደድሁ።

ከጓንግ ወንዝ ማዶ ያለውን ቀዬዋን የለቀቀችው በስድሳ ዘጠኝ ክረምት ነው። ባሏን የዚያ ዓመት ጦርነት በላው፤ ከየትኛው ወገን በተተኮሰ ጥይት እንደሞተ እንኳ የነገራት ሰው የለም። ወር ሳይሞላው የቀበሌ ሰዎች "ለሽፍታ ስንቅ አቀብለሻል" ብለው ሊይዟት እንደሆነ ሰማች። አቀብላም ነበር እንግዲህ። ጠመንጃ ታጥቆ ደጇ ላይ የቆመን ሰው "ሂድ ከዚህ" የምትል የትኛዋ ሴት ናት? ልጇ ኮከብ አራት ዓመቷ ነበር፤ ያን ሰሞን ትኩሳት ይዟት እንደ ምድጃ ትፋጃለች። ወንዙ ደግሞ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። አማቷ ሕፃኗን ከጀርባዋ ላይ ፈትተው ወሰዱባት።

"አንቺ ነፍስሽን አውጪ፣ ልጄ" አሏት። "ይቺን ትኩሳት ላይ ያለች ልጅ ውሃ ውስጥ ይዘሽ አትገቢም። ጓንግ ሲጎድል እኔው ራሴ አመጣልሻለሁ።"

ጓንግ ጎደለ። ተመልሶም ሞላ። እንዲህ እየጎደለና እየሞላ ስድስት ዓመት አለፈ። መንገዱን አንዴ ወታደር ይይዘዋል፣ አንዴ ሽፍታ ይይዘዋል፣ አንዴ አማቷ ይታመማሉ። ልጅቱ ግን ደህና ነበረች። በነጋዴ በኩል የሚደርሳት ቃል ሁሌም "ደህና ናት፣ አድጋለች" የሚል ነው። ምን ያህል እንዳደገች የሚነግራት ግን የለም። ሣህሊቱም መላ ዘየደች፤ በየዓመቱ ለፋሲካ አንድ ቀሚስ ትገዛለች፣ ልኩንም ከኮከብ ጋር እኩያ በሆነችው በራዲያ ልጅ ትለካለች። ራዲያ አብራት የምታበጥር የመተማ ሴት ናት። ልጅቱ ቀሚሱን ለብሳ ቀጥ ብላ ስትቆም ሣህሊቱ ትከሻዋን ይዛ ታዞራታለች፣ ክንዷን ታስዘረጋታለች፣ ከዚያ ልብሱን አስወልቃ አጣጥፋ ሳጥን ውስጥ ትከተዋለች። አንድም ቀን ለዚያች ልጅ "ይሁንሽ" ብላ አታውቅም። ስስታም ሆና እንዳይመስላችሁ፤ ከሰጠቻት ኮከብ የማትመጣ መስሏት ነው።

አሁን ወደ መጋዘኑ ልመልሳችሁ። ሣህሊቱ ሥራ ስትጀምር ቦታው የሚያስጠላ ቦታ ነበር። ሴቶቹ በበሩ በኩል ነፋስ ያለበትን ቦታ ለመያዝ ይጋፋሉ፣ ይሰዳደባሉ፣ ግማሾቹ ፀሐይ ከወጣች በኋላ እየተጎተቱ ይመጣሉ። አንዷ የሌላዋን ስም አታውቅም፤ "አንቺ የአርማጭሆዋ"፣ "አንቺ ረጅሟ" ነው የሚባባሉት። የመጋዘኑ ወኪል አሊ የሚባል የገዳሪፍ ሰው ነው፣ ሴቶቹ ዓም አሊ ይሉታል፣ በዐረብኛ አጎቴ እንደማለት፤ ሆዱ ትልቅ፣ ድምፁ ከሆዱ የሚበልጥ፣ ልቡ ግን ቅን። ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ቆሞ ይጮኻል፣ ይለምናል፣ ይምላል፤ ማን ሰምቶት!

አንድ ቀን ጠዋት ሣህሊቱ የመጀመሪያዋን ሰፌድ አንስታ ሰሊጡን ወደ ላይ ስትበትን ሳታስበው ቃል ከአፏ አመለጠ።

"ይቺ ለኮከብ" አለች።

አጠገቧ ያሉት ዞር ብለው አዩዋት። ደንግጣ ምላሷን ነከሰች። ይኼኔ ከወዲያኛው ረድፍ ራዲያ ቀና ብላ "ልጅሽ ናት?" አለቻት። ሣህሊቱ ራሷን ነቀነቀች። "አላህ ያምጣልሽ" አለች ራዲያ፣ ተመልሳም ወደ ሥራዋ።

በማግሥቱ ከሣህሊቱ ጎን የምትቀመጠው እናኑ ሰፌዷን አነሳችና "ይቺ ለአንዳርጋቸው" አለች። ጎንደር ወኅኒ ቤት ያለው ባሏ ነው። አምስት ስድስት ሴቶች "ያምጣልሽ" አሏት። በሳምንቱ ሁሉም ይጠሩ ጀመር። በየተራ፣ ከበሩ ጀምሮ ወደ ውስጥ፤ አንዷ ሰፌዷን አንስታ አገር ቤት የቀረባትን ሰው ስም ትጠራለች፣ ሃያ አንዱ "ያምጣልሽ!" ይላሉ፣ እስላሞቹ "አላህ" ይጨምሩበታል፣ ተራው ለሚቀጥለው ይተላለፋል። ሃያ ሁለቱ ስም ተጠርቶ ሳያልቅ ሥራ አይጀመርም። ሲያልቅ ግን እጃቸውን ብታዩት!

ደንቡን ያወጣው ማንም አይደለም፣ ራሱ ወጣ። ያረፈደች ሴት የቀረባት ሰው በዚያ ቀን ሳይጠራ ይውላል፤ ስለዚህ የሚያረፍድ ጠፋ። የተጠራው ሰው ከመጣ በዚያ ቀን ዘለቢያ የሚሉት ጣፋጭ ለሁሉ ይመጣል፣ ስሙም ከጥሪው ይወጣል፤ በስድስት ዓመት አራት ሰው መጥቷል። መርዶ ከመጣም እንዲሁ ስሙ ይቀራል። ለሞተ ሰው ያምጣልሽ አይባልም፤ ከልብ ሳይሆን ያምጣልሽ ማለትም በሰው አንጀት መቀለድ ነው፣ ይላሉ። በዚህስ ቀልደው አያውቁም።

አሊ መጀመሪያ ጸሎት መስሎት ነበር። በኋላ ነገሩ ሲገባው ወደደው። ቁልፉን ይዞ ሲመጣ በሩ ላይ ቆመው የሚጠብቁት እነሱ ሆነዋላ! ስድቡ ጠፋ፤ አንዷ ስትታመም ድርሻዋን ሁለቱ ጎረቤቶቿ ሠርተው ያስገቡላታል፣ የእሷንም ሰው ስም ጠርተው ለእሷ "ያምጣላት" ይላሉ። አሊ በየሻይ ቤቱ አወራው። ወሬውን የሰማ የጎረቤት መጋዘን ወኪል ሠራተኞቹን አሰልፎ "በሉ እናንተም ስም ጥሩ፣ መልሱ!" ብሎ አዘዘ። ሴቶቹ ሦስት ቀን አጉተመተሙለትና በአራተኛው "ይሄን ከምታስለፈልፈን የሻያችንን ስኳር ብትጨምርልን ይሻላል" አሉት። እዚያው ቀረ።

በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት መግቢያ ላይ ለሣህሊቱ ታላቅ ነገር ሆነ። ከድንበር ወዲያና ወዲህ ጨርቅና ጨው የሚያመላልስ ላቀው የሚባል ነጋዴ "ዘንድሮ መንገዱ ለስልሷል፣ ልጅሽን እኔ አመጣታለሁ። ጥምቀት በዋለ ሳምንት ገዳሪፍ ናት" አላት። ላቀው የማይፈጽመውን የሚል ሰው አልነበረም። ሣህሊቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ እግሯ መሬት አልነካም። ከመቼውም ያማረ አረንጓዴ ቀሚስ ገዛች፣ ልኩን ወሰደች፣ ሳጥን ውስጥ ግን አልከተተችውም፤ ምስማር መትታ ግድግዳው ላይ ሰቀለችው። ጠዋት ጠዋት "ኮከብን!" ስትል ድምፅዋ ጣሪያውን ይመታል፣ ሴቶቹም "ያምጣልሽ!" ሲሉ እየሳቁ ነው። ዘለቢያው ስንት እንደሚሆን ሁሉ ተከራከሩ።

ጥምቀት አለፈ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሣህሊቱ የኮከብን ስም ስትጠራ መልሱ ቀጠነባት። ጆሮዋን ታውቁታላችሁ! ስንት ሰው እንዳልመለሰ ለይታ ታውቃለች፤ እናኑ አልመለሰችም፣ ራዲያም አልመለሰችም። በማግሥቱ ስምንት ሰው አልመለሰም። ከዚያ ደግሞ የባሰ መጣ፤ ሴቶቹ ማርፈድ ጀመሩ። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ያላረፈደች እናኑ የሣህሊቱ ተራ ካለፈ በኋላ ጎንበስ ብላ ትገባና ቦታዋ ላይ ትቀመጣለች፤ የራሷን ባል ስም እንኳ ሳትጠራ።

"ምነው እናኑ፣ አሞሻል?"

"ደህና ነኝ፣ ሣህሌ። እንቅልፍ ጥሎኝ ነው።"

"ላቀውስ? የሰማሽው ነገር አለ?"

"መንገድ ዘግተውበት ይሆናል" አለች እናኑ፣ ሰፌዷን እያየች።

አንድ ቀን ገበያ ውስጥ የላቀውን ጀርባ ያየች መሰላት። "ላቀው!" ብላ ተጣራች። ሰውየው ሳይዞር ወደ ሥጋ ተራው ገብቶ ጠፋ። ተመሳስሎብኝ ነው አለች። ለራሷ ይህን ብላ ቤቷ ገባች፣ ቀሚሱን አቧራ እንዳይነካው በነጠላ ሸፈነችው።

ምን እንዳሰበች ልንገራችሁ? ቀኑብኝ ብላ አሰበች። የእኔ ልጅ ልትመጣ ስለሆነ፣ የእነሱ ሰው ስላልመጣ፣ ዓይናቸው ቀላ። ስድስት ዓመት አብሬያቸው ስጠራ፣ ለያንዳንዳቸው ከልቤ ያምጣልሽ ስል ከርሜ፣ የእኔ ሲደርስ አፋቸው ተያዘ! ሰው ክፉ ነው! ሌት ተቀን ይህንን አመነዠከች። ደግሞም ከምቀኝነቱ የባሰ የሚያስፈራት ነገር ነበር፤ ያ ሁሉ ሰው "ያምጣልሽ" ያላላት ልጅ መንገድ ላይ አንድ ነገር ብትሆንስ? አሁን፣ ልትደርስ ስትል፣ ድምፃቸውን ይነፍጉኛል? አለቀሰች። ከዚያ ተቆጣች።

መልሱ ከቀጠነ በአሥራ አንደኛው ቀን እናኑ አርፍዳ ስትገባ ሣህሊቱ ሁሉ እየሰማ ተናገረቻት።

"ያንቺ ባል ከእስር አልወጣ ስላለ የእኔ ልጅ ትቅር ነው? እስቲ ዓይኔን እያየሽ ንገሪኝ!"

እናኑ ዓይኗን አላየችም። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ሣህሊቱም "ይበላት፣ ጥፋቷን አውቃለች" አለች። የዕለት ሥራው ሲያልቅም በቀጥታ አሊ ዘንድ ሄደች።

"ዓም አሊ፣ እነዚህ ሴቶች እንዴት እንደሚያረፍዱ አላዩም?"

"አየሁ፣ ወላሂ! ምን ሆኑ? ምን ጎደለባቸው?"

"ምንም አልጎደለባቸውም። ነገ ጠዋት በሩ ላይ ቁሙልኝ። ማንም ስም ሳይጠራ፣ መልስ ሳይመልስ ሥራ እንዳይጀምር። እንደ ድሯችን እንሁን፣ ሌላ አልጠይቅዎትም።"

አሊ ደስ አለው። እሱም ያ የጠዋት ጩኸት ናፍቆት ነበርና።

በማግሥቱ በአሥራ ሁለት ሰዓት በሩ ላይ ቆመ። ቤታቸው ለቀሩት ሰው ላከባቸው። ሃያ ሁለቱም ተቀመጡ። "ዛሬ ማርፈድ የለም" አለ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው። "ስም ይጠራል፣ መልስ ይሰጣል። እኔ ነኝ የምሰማው። ያላ!"

የመጀመሪያዋ ሴት ወንድሟን ጠራች። "ያምጣልሽ!" ተባለ፤ ሞቅ ያለ መልስ ነው። ሁለተኛዋም እንዲሁ። ሦስተኛዋ እናኑ "አንዳርጋቸውን" አለች፤ "ያምጣልሽ!" አሏት። ሣህሊቱ ሰፌዷን አነሳች። ዓይኗን ጨፈነች። ሰሊጡን ወደ ላይ በተነችው።

"ኮከብን!"

ዝም። ሰሊጡ ተመልሶ ሰፌዱ ላይ ሲወርድ ይሰማል። አንድ ሰው ሳለ። ሣህሊቱ ዓይኗን አልገለጠችም፣ ጠበቀች።

"ምነው?" አለ አሊ ከበሩ። "ምነው ዝም አላችሁ? በሉ እንጂ! ያምጣልሽ! ያምጣልሽ!"

እዚያ ቆርቆሮ ሥር የሚሰማው የእሱ ድምፅ ብቻ ነበር። ሃያ አንድ ሴት ባለችበት መጋዘን ውስጥ የመለሰላት ምንም የማያውቀው ሰው ብቻ ሆነ። ያኔ ገባት። ዓይኗን ስትገልጥ እናኑ ሰፌዷን ጥላ፣ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ፣ ለቅሶ ቤት እንደሚገባ ሰው ወገቧን እየታጠቀች ነው።

"መቼ ነው?" አለች ሣህሊቱ።

"በኅዳር ነው፣ እህቴ" አለች እናኑ። "ወባ ነው አለ ላቀው። ሊያመጣት ሄዶ መቃብሯን አሳዩት። ተመልሶ መጥቶ ለእኔ ነገረኝ።"

"እናንተስ ካወቃችሁ?"

"ዛሬ አሥራ ሁለት ቀናችን። ያለ ዘመድ እንዴት ትረጅ? እዚህ አገር ያለሽ ወንድምሽ አስናቀው ብቻ ነው፣ እሱም ዶካ ወርዶ ማሽላ ቆረጣ ላይ ነው፤ በሎሪ ልከንበታል። እስኪመጣ ብለን ነው። እሱ ባለበት፣ ቤትሽ ውስጥ፣ እንደ ወጉ በማለዳ ልናረዳሽ።"

"አሥራ ሁለት ቀን" አለች ሣህሊቱ። "ለዚህ ነው የምታረፍዱት።"

"በምን አፋችን እንበል፣ ሣህሌ? ብንለው ዋሸን፣ ብንተወው ነገርንሽ። ምን እናድርግ?"

ከዚያ በኋላ የሆነውን እኔም ልናገር አልችልም። ሰፌዱ ከእጇ ወድቆ ሰሊጡ ፈሰሰ፣ መጋዘኑ በሙሉ እሪ አለ። አሊ ቁልፉን እንደያዘ መሬት ላይ ተቀመጠ። አንዷ ቀስ ብላ ስታስረዳው ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ፤ "እኔ ነኝ በሉ ያልኩት! እኔ ነኝ!" ይላል። ያን ቀን መጋዘኑን ዘጋ። ሦስቱን የለቅሶ ቀን ሣህሊቱ ደጅ ከወንዶቹ ጋር ተቀምጦ ዋለ፤ መዳፉን ዘርግቶ ለሙት የሚባለውን ፋትሓ ቀራ፣ ስኳርና ሻይ አስመጣ። አስናቀው በሁለተኛው ቀን ደረሰ፣ ከነማጭዱ። እህቱን አቅፎ ያለቀሰው ለቅሶ ዛሬም ይነሳል።

በሦስተኛው ቀን ማታ ሣህሊቱ እናኑን አጠገቧ አስቀመጠቻት።

"ያልኩሽን ይቅር በይኝ።"

"ምኑን? እኔ የሰማሁት ነገር የለም" አለች እናኑ።

አረንጓዴውን ቀሚስ ከምስማሩ አውርዳ ለራዲያ ልጅ ሰጠቻት። ልጅቱ ለብሳው ስትወጣ ግን አላየቻትም፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር።

በስምንተኛው ቀን፣ ጥቁር ለብሳ፣ ማንም ሳይጠብቃት መጋዘኑ በር ላይ ተገኘች። አሊ እንኳ ገና አልመጣም። ሴቶቹ ሲያዩዋት ተንሾካሾኩ። ደንቡ እንደሆነ ይታወቃል፣ የሞተ ሰው ስም ይቀራል፤ ጥሪው ከእናኑ ወደ አምሳለ፣ ከሦስተኛዋ ወደ አምስተኛዋ ይዝለል ተባብለዋል። አምሳለ ከሁሉም ልጅ ናት፤ ቋራ የቀረች እናቷን ነው የምትጠራው።

በሩ ተከፈተ፣ ተቀመጡ፣ መጥራት ጀመሩ። እናኑ "አንዳርጋቸውን" አለች፣ መለሱላት። አምሳለ ሰፌዷን ልታነሳ ስትል ሣህሊቱ ክንዷን ያዝ አደረገቻት። የራሷን ሰፌድ አነሳች።

"ኮከብን" አለች።

ሴቶቹ ደነገጡ። አሊ በሩ ላይ እንደቆመ ፊቱን አዞረ። ሣህሊቱ ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች፤ ያ ጆሮዋ ይጠብቃል። መጀመሪያ ራዲያ ናት፣ ያኔም የመጀመሪያዋ እሷ እንደነበረችው።

"አላህ ይዘንላት!"

"ነፍሷን ይማረው!" አሉ ሌሎቹ፣ ሃያውም ባንድ አፍ፣ ቆርቆሮው እስኪንቀጠቀጥ።

ሣህሊቱ ዓይኗን ገለጠች። እንባዋ ሰሊጡ ላይ ወርዷል።

"እንዲህ ነው" አለች። "አሥራ ሁለት ቀን ብቻዬን ስጠራት ነበር የከረምኩት።"

ከዚያ ወደ አምሳለ ዞር አለች።

"በይ ልጄ፣ እናትሽን ጥሪ።"

አምሳለ "እማዬን!" ብላ ጠራች። መጋዘኑ መለሰላት፤ ከሁሉም ቀድሞ፣ ከሁሉም ጎልቶ "ያምጣልሽ!" ያለው ግን የሣህሊቱ ድምፅ ነበር።